76,800 የወንበር እግሮች

ይህን መጽሔት የያዛችሁት ምናልባት በኅብረት ሰዓት፣ ሌሎቹ እስኪመጡ ስትጠብቁ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ እስቲ ብድግ በሉና የተቀመጣችሁበትን ወንበር ገልብጡት። ፕላስቲክ ከሆነ ከሥሩ የምታገኙት የፋብሪካ ምልክት ብቻ ነው። እንጨት ከሆነ ግን የሚነበብ ነገር አለው፤ መጋጠሚያው፣ የደረቀ ኮላ፣ መሮ የሳተው ቦታ፣ አንዳንዴም አናጢው በእርሳስ የጫረው ቁጥር። ከላይ ያለው ለተቀማጩ ተብሎ ተልጓል፣ ቫርኒሽ ተቀብቷል። ከሥር ያለውን የሚያውቀው የሠራው ሰው ነው።

በዚህ እትም ላወጋችሁ የፈለግኩት ከሥር ስላለው ነው፤ ወንበር እየሠሩና እየሸጡ ልጆቻቸውን ስላሳደጉ ሰዎች። ታሪኩ የእንግሊዝ አገር ታሪክ ነው። «ወንበር ለመቁጠር እንግሊዝ ድረስ ምን አስኬደህ?» ብላችሁ እንዳትስቁብኝ። ምክንያት አለኝ፤ በመካከሉም ስማቸውን ከስብከት የምታውቋቸው ሁለት የወንጌል ሰዎች ይገኛሉ። (ዓመታቱን፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ከለንደን ወደ ሰሜን ምዕራብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ሃይ ዊኮም የምትባል ከተማ አለች። ዙሪያዋን ቺልተርን የሚባሉት ኮረብታዎች ከበዋታል። በኮረብታዎቹ ላይ ቢች የሚባል ዛፍ ጫካ ሆኖ ይበቅላል። የቢች እንጨት በእርጥቡ በቀላሉ ይፈለጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ጠንካራ ነው። የሮቢንሰን ክሩሶ ደራሲ ዳንኤል ዴፎ በ1720ዎቹ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የዚህ አካባቢ ቢች ለማገዶ ብቻ ሳይሆን ለወንበር ሥራም እንደሚውል ጠቅሷል። እንግዲህ ሙያው ከፋብሪካ በፊት ከጫካው ጋር የኖረ ነው። በ1800ዎቹ መጀመሪያ በከተማይቱ ውስጥ ወንበር የሚገጣጠምባቸው ትልልቅ ሥራ ቤቶች ተከፈቱ። ከሰባ ዓመት በኋላ ሃይ ዊኮም 4,700 ያህል ወንበር ታወጣለች ተብሎ ይገመት ነበር። በወር እንዳይመስላችሁ፤ በቀን ነው።

ከሚሠሩት ወንበሮች ስም ያተረፈው ዊንዘር የሚባለው ነው። የእኛን የጅማ በርጩማ አስቡ። እርሱ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ፣ መቀመጫውና እግሮቹ ሳይለያዩ የሚወጣ ነው። ዊንዘር የዚህ ተቃራኒ ነው። ሁሉም ነገር ለየብቻ ተሠርቶ በመጨረሻ በአንድ ወፍራም ሳንቃ ላይ ይሰካል፤ እግሮቹ ከታች፣ የጀርባው ዘንጎች ከላይ። ለእያንዳንዱ ክፍልም የሚመረጠው እንጨት ይለያያል። መቀመጫው ኤልም ከሚባል ዛፍ ነው፤ የኤልም ክር እርስ በርሱ የተጠላለፈ ስለሆነ ዙሪያውን ቀዳዳ በቀዳዳ ቢያደርጉት አይሰነጠቅም። እንደ ቅስት የሚታጠፈው ጀርባ በእንፋሎት ተቀቅሎ የሚለዝብ አሽ ወይም ዩ የሚባል እንጨት ነው። እግሮቹ ቢች ናቸው።

እግሮቹን የሚሠሩት ሰዎች ግን ከተማ ውስጥ አልነበሩም፤ ጫካ ውስጥ ነበሩ። በኋላ ዘመን ቦጀር የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። የስሙ አመጣጥ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የሚያሳዝነው ዛሬ በእንግሊዝኛ «ቦጅ» የሚለው ቃል በጥድፊያ የተሠራን፣ የተለጣጠፈን ነገር የሚያመለክት መሆኑ ነው። የእነዚያን ሰዎች የእጅ ሥራ ያየ ሰው ለእነርሱ እንደማይገባ ያውቃል። እኛም ግን ከዚህ ነፃ አይደለንም። በአገራችን ባለ እጅን በሙያው መስደብ እንዴት ሥር የሰደደ እንደ ነበረ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ እስከ መከልከል መድረሳቸው ራሱ ይመሰክራል። ጌታ ጸራቢ እንደ ነበረ በየገናው እንሰብካለን፤ ልጃችን አናጢ ልሁን ቢለን ግን ስንቶቻችን ደስ ይለናል?

ወደ ጫካው እንመለስ። ቦጀሩ በጨረታ የሚገዛው በቁሙ ያለ ዛፍ ነው። ይህን ልብ በሉ። ዛፉ ገና አልተቆረጠም፤ ውስጡ ይበስብስ፣ ይጣመም፣ ጉጥ ይኑረው አይታወቅም። ሰውየው ቅርፊቱን አይቶ፣ ግንዱን በእጁ ዳስሶ፣ ከዚህ ዛፍ ስንት እግር ይወጣል ብሎ በልቡ ያሰላና ዋጋ ይጠራል። ከተሳሳተ ኪሳራው የራሱ ነው። በብርዱ ወራት ዛፉን ይቆርጣል፤ ከዚያም ግንዱን ወደ ከተማ በመጎተት ፋንታ መሣሪያውን ወደ ጫካ ያመጣል። ከእንጨትና ከፍቅፋቂ ጎጆ ቢጤ ይቀልስና እዚያው ይሠራል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ግንድ ከባድ ነው፣ ያለቀለት እግር ቀላል ነው።

አሠራሩን ደረጃ በደረጃ ብነግራችሁ ደስ ይለኛል፤ ታሪክ መጻሕፍት ይህን እየዘለሉ ስለ ነገሥታት ብቻ ማውራት ይወዳሉ። ግንዱ መጀመሪያ በእግሩ ቁመት ልክ በመጋዝ ይቆራረጣል። ቁራጩ ቆሞ በሽብልቅና በእንጨት መዶሻ ይፈለጣል። መጋዝ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ የእንጨቱን ክር ያቋርጣል፤ ፍልጥ ግን ክሩን ተከትሎ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከፍልጥ የተሠራ እግር ቀጭን ሆኖም አይሰበርም። ፍልጡ በመጥረቢያ ይጠረባል። ቀጥሎ ሠራተኛው ረጅም አግዳሚ በሚመስል መቀመጫ ላይ እንደ ፈረስ ይቀመጥና በእግሩ ገፍቶ እንጨቱን ቆንጥጦ ይይዘዋል፤ በሁለት እጁ በሚጎተት ቢላዋ ወደ ደረቱ እየሳበ ይልገዋል። አሁን ፍልጡ ወደ ክብነት ቀርቧል፤ ለቶርኖ ዝግጁ ነው።

ቶርኖ በእንጨት ሥራ ቤት አይታችሁ ይሆናል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ሰጋቱራው ይበራል። የእነርሱ ቶርኖ ሞተር የለውም። ከላይ እንደ ዓሣ ማጥመጃ የሚወዛወዝ ረጅም አጣና አለ። ከአጣናው ጫፍ ገመድ ይወርድና በሚሠራው እንጨት ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ ከታች ካለው መርገጫ ጋር ይታሰራል። በእግር ሲረገጥ እንጨቱ ወደ ሠራተኛው ይዞራል፣ አጣናውም ይጎብጣል። እግሩን ሲያነሣ አጣናው ተመልሶ ይቃናና እንጨቱን ወደ ኋላ ያዞረዋል። መሮው የሚቆርጠው ወደ ፊት ሲዞር ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ ሲዞር እጅን ሸሸት ማድረግ ነው። እንዲህ እየረገጡ፣ እየቆረጡ፣ እየሸሹ ቀኑን ሙሉ። አንድ ጎበዝ ቦጀር ለአንድ እግር የሚፈጅበት ጥቂት ደቂቃ ነበር። ሞዴል ወይም መለኪያ አያስቀምጥም፤ ቅርጹ በእጁ ውስጥ ነው።

እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ስለሚሠራ ክብ የነበረው እግር ሲደርቅ በትንሹ ሞላላ ይሆናል። ዛሬ የድሮ ወንበር የሚሰበስቡ ሰዎች እግሩን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው ሞላላነቱ ከተሰማቸው ደስ ይላቸዋል፤ በእጅ ለመሠራቱ አንዱ ምልክት ነው። ቦጀሩ ግን ያንን ለጌጥ አላደረገውም። እርጥቡ እንጨት ለመቁረጥ ስለሚቀል፣ በቀን ብዙ እግር ስለሚያስወጣ ነው። ክፍያው በቁጥር ነበርና።

ቁጥሩም የራሱ ወግ ነበረው። የሚሸጡት በግሮስ ነው፤ ግሮስ ማለት 144። ነገር ግን በወንበር ንግድ አንድ ግሮስ እግር ሲባል 144 እግሮች ብቻ ሳይሆን እግርን ከእግር የሚያያይዙ 108 አግዳሚ ዘንጎችም አብረው ይገባሉ። ለአንድ ወንበር አራት እግርና ሦስት ዘንግ ስለሚያስፈልግ አንዱ ግሮስ የ36 ወንበር ይሆናል። በአጭሩ ገዢው «አንድ ግሮስ» ብሎ ሲከፍል የሚረከበው 252 እንጨት ነው። ዋጋውን የሚወስነው ባለ ፋብሪካው ነበር። ጫካ ውስጥ ያለው ሰው እግር ብቻውን ለማን ይሸጣል? ሦስት እግር ያለው ወንበር እንኳ የሚገዛ ይገኝ ይሆናል፤ ወንበር የሌለው እግር ግን ለፋብሪካው ካልሆነ ለማገዶ ነው።

በከተማ ውስጥ ደግሞ ሥራው እንደገና ይከፋፈላል። አንዱ ሳንቃውን መሬት ላይ አድርጎ በእግሮቹ ይረግጠውና ስለቱ እንደ መቆፈሪያ ወደ ውስጥ በዞረ መጥረቢያ መሐሉን እየቦረቦረ ለመቀመጫ ያመቸዋል፤ መጥረቢያው በእግሮቹ ጣቶች መካከል ነው የሚያርፈው። ሌላው ጀርባውን ያጥፋል። ሌላው ቀዳዳ በስቶ ይገጣጥማል። መቀመጫቸው በሸምበቆ ዓይነት ሣር ወይም በራታን ለሚሠራ ወንበሮች ደግሞ ሽመናው የሴቶችና የልጃገረዶች ሥራ ነበር፤ ባዶውን ማዕቀፍ ወደ ቤታቸው ወስደው ምድጃ አጠገብ ይሸምኑና በመቀመጫ ቁጥር ይከፈላቸዋል። ባቡር ወደ ሃይ ዊኮም የገባው በ1854 ነው። ከዚያ በፊት ወንበሩ በፈረስ ጋሪ ላይ እንደ ድርቆሽ ተቆልሎ፣ ነጂው በየከተማው እየቆመ ይሸጠው ነበር።

ከተማይቱ በዚህ ሥራ ትኮራ ነበር። በ1877 ንግሥት ቪክቶሪያ ጠቅላይ ሚኒስትሯን ዲዝሬሊን በአቅራቢያው ባለው መኖሪያው ልትጎበኝ ስታልፍ የዊኮም ሰዎች በመንገዱ ላይ ሙሉ በሙሉ በወንበር የተገነባ ቅስት አቁመው ተቀበሏት። ንግሥቲቱ በ76,800 እግሮች መካከል አለፈች ልላችሁ አይደለም፤ ያ ቁጥር ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ድዋይት ሙዲና አይራ ሳንኪ ከአሜሪካ ተነሥተው ብሪታንያ የገቡት በ1873 ነው። ሙዲ ይሰብካል፣ ሳንኪ ሃርሞንየም ላይ ተቀምጦ ይዘምራል። ሙዲ ወንጌላዊ ከመሆኑ በፊት በቦስተንና በቺካጎ ጫማ ይሸጥ እንደ ነበር ሰምታችሁ ይሆናል። በሁለት ዓመት ውስጥ እንግሊዝን፣ ስኮትላንድንና አየርላንድን አዳረሱ። በ1875 ለንደን ሲገቡ ሕዝቡን የሚይዝ የጸሎት ቤት ስላልነበረ የከብት ትርዒት የሚካሄድበት የኢዝሊንግተን አዳራሽ ሳይቀር ተከራዩላቸው። በእንደዚህ ያለ አዳራሽ ምን እንደሚጎድል ወንበር ደርድራችሁ የምታውቁ ሁሉ ወዲያው ይገባችኋል። በእነዚያ ዓመታት ለሙዲና ለሳንኪ ስብሰባዎች የሚሆን የ19,200 ወንበር ትእዛዝ ወደ ሃይ ዊኮም መጣ። በታሪኳ ከሚጠቀሱት ትልልቅ ትእዛዞች አንዱ ነው፤ የለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ያዘዘው እንኳ 4,000 ነበር። 19,200ን በአራት አባዙት።

ስለዚያ መነቃቃት ብዙ አንብበናል፤ ስንት ሰው እንደ መጣ፣ ስንት ሰው እንዳለቀሰ፣ ስንት ሰው እንደ ተለወጠ። እኔም ሳስተምር ይህንኑ እደግማለሁ። ስለ ወንበሮቹ ያነበብኩት ግን ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ አይደለም፣ ከእንጨት ሥራ ታሪክ ነው። ያ ሕዝብ የተቀመጠው በእግር በተረገጠ ቶርኖና በምድጃ አጠገብ በተሸመነ መቀመጫ ላይ ነው፤ ይህን ሳነብ ያሳፈረኝን ነገር ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ ባለሁበት አጥቢያ የወጣቶች አዳራሽ ወንበር አጠረን። ከመካከላችን ቀን በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሮ፣ ማታ ማታ ደግሞ ለራሱ የሚሠራ ልጅ ነበር። ሃያ አራት ወንበር በስንት እንደሚያወጣ በወረቀት ጽፎ አመጣ፤ ጣውላ፣ ኮላ፣ ቫርኒሽ፣ የመኪና፣ በመጨረሻም የእጅ ዋጋ። ኮሚቴው ላይ ነበርኩ። ከፕላስቲኩ ዋጋ ጋር አስተያየነው፤ የእርሱ በለጠ። ከኮሚቴው አንዱ «የእጅ ዋጋውን ለጌታ ቢተወውስ? አገልግሎት አይደል እንዴ» አለ። ያ አንዱ እኔ ነኝ። ልጁ ወረቀቱን አየ፣ የመጨረሻውን መስመር በእስክሪብቶ ሰረዘና «እሺ» አለ። በዚያው ወር የምናጠናው የያዕቆብን መልእክት ነበር።

አሥራ ሁለቱን ሠርቶ አመጣ። ከዚያ ሥራ በዛብኝ እያለ ቀረ። የጎደለውን በፕላስቲክ ሞላነው። እርሱም ቀስ በቀስ ከኅብረቱ ራቀ፤ እኛም «ቀዘቀዘ» አልን።

የዊኮም ሰዎች እንዴት እንደ ቀዘቀዙ ደግሞ ላሳያችሁ። በ1859 ሚካኤል ቶኔት የሚባል በቪየና የሚሠራ ባለ እጅ 14 ቁጥር የተባለውን ወንበር አወጣ። በእንፋሎት የታጠፈ ስድስት እንጨት፣ አሥር ብሎንና ሁለት ዳዶ ብቻ ነው። ተፈታትቶ ሲታሸግ 36 ወንበር በአንድ ሜትር ኩብ ሣጥን ውስጥ ይገባል። (የቦጀሩን ግሮስ ታስታውሳላችሁ? እዚያም 36 ነበር፤ መገጣጠም ነው።) እስከ 1930 ድረስ ሃምሳ ሚሊዮን ያህሉ ተሸጧል። በዓለም ገበያ የወንበር ዋጋ ወረደ። የዊኮም ፋብሪካዎችም ማሽን አስገቡ። ጫካ ውስጥ ያሉት ግን ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ቆዩ፤ አንደኛው ምክንያት ያልኳችሁ የፍልጥ ጥንካሬ ነው። ሌላውን ምክንያት ደግሞ ስታስቡት ደስ አይልም። ቶርኖው አጣናና ገመድ ነው፣ ሥራ ቤቱ ጎጆ ነው፣ የሚጠይቀው ዋጋ ትንሽ ነው፤ ከማሽን ያዳነው በከፊል ድህነቱ ነበር። የሚኖርበት ርካሽነት የሚሞትበትም ሆነ።

በከተማ ያሉት ሠራተኞች ማኅበር ነበራቸው። በኖቬምበር 1913 በደመወዝ ጭቅጭቅ ባለ ፋብሪካዎቹ በር ዘጉባቸው፤ በብርዱ ወራት ቤተሰብ ሁሉ ያለ ገቢ ከርሞ በፌብሩዋሪ 1914 በስምምነት ተከፈተ። ጫካ ውስጥ ያለው ሰው አሠሪ ስለሌለው የሚከራከረው ሰው አልነበረውም። በ1944፣ በጦርነቱ መጨረሻ፣ የእንግሊዝ መንግሥት 100,000 ርካሽ የዊንዘር ወንበር ከሃይ ዊኮም አዘዘ። ያዘዘው ከኤርኮል ኩባንያ ነው፤ የኩባንያው መሥራች ሉሲያን ኤርኮላኒ ከጣሊያን በልጅነቱ መጥቶ የእንጨት ሥራን የጀመረው በለንደን የሳልቬሽን አርሚ ሥራ ቤት ውስጥ ነው። ኤርኮላኒ ወንበሩን በማሽን ሠራው፤ ቅርጹ ግን ያው የጫካዎቹ ቅርጽ ነው። ከመጨረሻዎቹ ቦጀሮች አንዱ የሆነው ሳሙኤል ሮካል በ1962 አረፈ። ከአሥር ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ሄንሪ ማሶኔ ባለ አንድ ወጥ የፕላስቲክ ወንበር አወጣ፤ አንዱ ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ከቅርጽ ማውጫው ይወጣል። የዚያ ዝርያ ነው ዛሬ በየአዳራሻችን፣ በየድንኳናችን፣ በየለቅሶ ቤቱ የተደረደረው። አልነቅፈውም፤ ይታጠባል፣ ይደራረባል፣ አንድ እጅ ያነሣዋል። እኔም ይህን የምጽፈው በእርሱ ላይ ተቀምጬ ነው።

አሥራ ሁለቱ የእንጨት ወንበሮች አሁንም አሉ። ባለፈው ሰንበት አዳራሹ ባዶ ሲሆን አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው። አንዱም አይነቃነቅም። የእግሮቹ ጫፍ ወለል እንዳይጭር ተብሎ በብርጭቆ ወረቀት ተሞርዷል፤ ማንም ያንን አላዘዘውም፣ ማንም አላየውም።

ጽሑፉን ለአዘጋጆቹ ከመስጠቴ በፊት ለልጁ ደወልኩለት። ስሙን ባልጠቅስም ይህ እንደሚታተም ነገርኩት፤ ፈቀደልኝ። ሠላሳ ወንበር እንደሚያስፈልገን፣ የእጅ ዋጋ ያለበትን ሒሳብ ጽፎ እንዲልክልኝ ለመንኩት። ጥቂት ዝም አለ። ከጀርባው የመጋዝ ድምፅ ይሰማኛል።

«እሺ ጋሼ፣ እልካለሁ» አለኝ። «ግን መጀመሪያ የአሥራ ሁለቱን እንተሳሰብ።»

ለፊታችን እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ ተቀጣጥረናል።